ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ፦ ጋዜጠኛ ምንጩን እንዴት ይመርጣል?

“ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ” ይላሉ አበው። ይህን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግሁ ብሆንም፣ ትርጉሙ ዘልቆ የገባኝ ግን የውኃ መሐንዲስ ሆኜ፣ ከአገሬም ርቄ ብዙ ዓመት ከኖርኩ በኋላ፣ በአንዲት የስልክ ጥሪ ምክንያት ነው።

ጊዜው መጋቢት 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 2019) ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁ በሦስተኛው ቀን፣ በምኖርበት ከተማ የሚታተም አንድ ጋዜጣ ሪፖርተር ሥራ ቦታዬ ደወለልኝ። ስሜን ያገኘው በኢንተርኔት ፈልጎ ነው። የከተማችንን ስም “ኢትዮጵያዊ” እና “ኢንጂነር” ከሚሉት ቃላት ጋር ሲጽፍ እኔ ወጣሁለት። ትሑት፣ ነገር ግን የቸኮለ ወጣት ነበር። “እንደ ኢትዮጵያዊም እንደ መሐንዲስም ስለ አደጋው ምን ይላሉ?” ሲል ጠየቀኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔ የማውቀው ስለ ቧንቧ፣ ስለ ፓምፕና ስለ ምንጭ ማጎልበት ነው። ስለ አውሮፕላን የማውቀው ማንኛውም መንገደኛ ከሚያውቀው አይበልጥም። ነገር ግን ያን ዕለት ጠዋት አንድ የሥራ ባልደረባዬ “ለመሆኑ ፓይለቶቻችሁ በቂ ሥልጠና ነበራቸው?” ብሎኝ ደሜ ፈልቶ ነበር። ስለዚህም “በማላውቀው ነገር አልናገርም” ማለት ሲገባኝ፣ ጥፋቱ የአምራቹ እንጂ የአብራሪዎቹ ሊሆን እንደማይችል በሙሉ ልብ ተናገርኩ። በማግሥቱ “ኢትዮጵያዊው ኢንጂነር” ተብዬ ጋዜጣ ላይ ወጣሁ። ወዳጆቼም “ደግ አደረግህ! አንጀታችንን አራስከው!” እያሉ ደወሉልኝ።

የተናገርኩት ነገር እያደር በአመዛኙ ትክክል ሆኖ ተገኘ። የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው። ትክክል የሆንኩት በዕውቀት ሳይሆን በዕድል ነበርና። ያ ወጣት ለኔ በመደወል ፈንታ ለዚያ ባልደረባዬ ቢደውል ኖሮ፣ እሱም በእኩል ድፍረት ተቃራኒውን ይነግረው ነበር። ያም ይታተም ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በዚያ በአንድ አደጋ ዙሪያ ጋዜጦች ምንጮቻቸውን እንዴት እንደመረጡ፣ ምርጫቸውም ምን እንዳስከተለ፣ ለኛም በውጭ ለምንኖረው ምን ትምህርት እንደሚሰጥ አንባቢ እንዲመዝነው ለማቅረብ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የምንጭ ዓይን

በአማርኛችን ለጋዜጠኛ መረጃ የሚሰጠውን ሰው “ምንጭ” እንለዋለን። ለኔ ቢጤው የውኃ ሰው ይህ ቃል ብዙ ይናገራል። የገጠር ምንጭ ስናጎለብት፣ ውኃው መሬት ላይ ፈስሶ በሚታይበት ቦታ ላይ ግንብ አንገነባም። ያ ውኃ ከላይ ከብት የረገጠው፣ ጎርፍ የቀላቀለው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውኃው ከአለቱ ወደሚወጣበት ዓይን እስክንደርስ ድረስ ወደ ኋላ እንቆፍራለን። ዓይኑ ላይ ከደረስንም በኋላ ጥራቱን በማየት ብቻ አንፈርድም፤ ጥርት ያለ ውኃ በሽታ ሊይዝ ስለሚችል ይመረመራል። በመጨረሻም ከምንጩ በላይ ያለው መሬት ለምን አገልግሎት እንደሚውል እንጠይቃለን። ከላይ ያለው ነገር ወደ ታች መውረዱ አይቀርምና።

የጋዜጠኛም ጥያቄዎች ከዚህ ብዙ የራቁ አይመስሉኝም። ይህ ሰው ነገሩን ራሱ አይቷል ወይስ ሰምቶ ነው? የሚለው ነገር በሌላ መንገድ ሊመረመር ይችላል? ከበላዩ ያለው ማን ነው፣ ምንስ ይፈልጋል? ኢንተርኔት የለወጠው ምንጭ የማግኘትን ፍጥነት ነው እንጂ እነዚህን ጥያቄዎች አይደለም።

የቱቦዎቹ ታሪክ

ወደ በረራ 302 ከመግባቴ በፊት፣ እነዚህ ጥያቄዎች ባለመጠየቃቸው የደረሰውን ለማስታወስ ያህል ወደ 2002 ልመለስ። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 8 ቀን ኒው ዮርክ ታይምስ በፊት ገጹ ላይ አንድ ዜና አወጣ። የአሜሪካ ባለሥልጣናትን ጠቅሶ እንደዘገበው፣ ኢራቅ በሺህ የሚቆጠሩ የአሉሚኒየም ቱቦዎች ለመግዛት ሞክራለች፤ ባለሥልጣናቱም ቱቦዎቹ ለኑክሌር መሣሪያ የሚሆን ዩራኒየም ለማበልጸግ የታሰቡ ናቸው ብለው ያምናሉ። በዚያው ዕለት ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ በቴሌቪዥን ቀርበው ይህንኑ የጋዜጣ ዘገባ ጠቀሱ። የመንግሥት ሰዎች ለጋዜጣው ነገሩ፤ ጋዜጣው ጻፈ፤ የመንግሥት ሰው ደግሞ “ጋዜጣው እንዲህ ብሏል” አለ። ውኃው ዞሮ ወደ ራሱ ምንጭ ተመለሰ ማለት ነው። የሚሰማ ሰው ግን ሁለት ምንጭ ያገኘ መሰለው።

በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች፣ ማለትም የማበልጸጊያ መሣሪያን አሠራር በእጃቸው የሚያውቁት፣ ቱቦዎቹ ለዚያ ሥራ እንደማይመቹ፣ ይልቁንም ለተራ ሮኬት ልክ መሆናቸውን ሲናገሩ ነበር። ድምፃቸው ግን የባለሥልጣናቱን ያህል ቦታ አላገኘም። ናይት ሪደር በሚባለው የጋዜጦች ድርጅት ውስጥ የሚሠሩት ጆናታን ላንዴይና ዋረን ስትሮብል ግን ሌላ መንገድ ያዙ። ወደ ሚኒስትሮች ከመሄድ ይልቅ ዝቅ ብለው ሰነዶቹን በየቀኑ የሚያገላብጡትን የመረጃና የወታደራዊ ባለሙያዎች ጠየቁ። በዚህም ምክንያት ከጦርነቱ በፊት የማስረጃውን ደካማነት የሚያሳዩ ጽሑፎች ለማውጣት ቻሉ። ያን ጊዜ ያዳመጣቸው ጥቂት ነበር።

ኒው ዮርክ ታይምስ ሜይ 26 ቀን 2004 ለአንባቢዎቹ ባወጣው መግለጫ ስህተቱን አመነ። እዚህ ላይ ለኛ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። ጋዜጣው ከጠቀሳቸው ድክመቶች አንዱ፣ በአገራቸው የአገዛዝ ለውጥ ለማምጣት ይታገሉ በነበሩ ኢራቃውያን ስደተኞች ቃል ላይ መደገፉ ነበር። በስለላው በኩልም “ከርቭቦል” በሚል የምስጢር ስም የታወቀው፣ ኢራቅ በመኪና ላይ የሚንቀሳቀሱ የጀርም መሣሪያ ማምረቻዎች አሏት ያለው ሰው፣ ጀርመን አገር ጥገኝነት የጠየቀ ኢራቃዊ መሐንዲስ ነበር። በ2011 መዋሸቱን ራሱ ለጋዜጣ ተናገረ። ስደተኛና መሐንዲስ! ይህን ባነበብኩ ጊዜ የራሴ የስልክ ጥሪ ትዝ ቢለኝ የሚፈርድብኝ ያለ አይመስለኝም።

ስድስት ደቂቃ

ማርች 10 ቀን 2019 እሑድ ነበር። በረራ 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ነው። ስድስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ወደቀ። አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ኦክቶበር 29 ቀን 2018፣ ሌላ ቦይንግ 737 ማክስ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከነ189 ሰዎቹ ባሕር ውስጥ ወድቆ ነበር።

በድሮ ጊዜ እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ጋዜጠኛ የሚጠይቀው የአካባቢውን ገበሬ፣ የአየር መንገዱን ቃል አቀባይና የመንግሥትን ሰው ነበር። በዚያ ቀን ግን ከሁሉም ቀድሞ የተናገረው ቁጥር ነው። አውሮፕላኖች ያሉበትን ቦታ፣ ከፍታቸውንና ፍጥነታቸውን በሬዲዮ ያስተላልፋሉ። ይህንንም ማንም ሰው ርካሽ መቀበያ ገዝቶ ሊሰማው ይችላል። እነዚህን መቀበያዎች ከየአገሩ የሚያገናኘው ፍላይትራዳር24 የተባለው ድርጅት፣ አደጋው በደረሰ በሰዓታት ውስጥ አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ የመውጣትና የመውረድ ፍጥነቱ የተረጋጋ እንዳልነበረ አስታወቀ። ዜናው በዓለም ዙሪያ ተጠቀሰ።

ይህ አዲስ ዓይነት ምንጭ ነው። አይዋሽም፣ ወገን የለውም፣ ስሙም እንዲደበቅ አይለምንም። ነገር ግን ወሰን አለው። በምድር ላይ ያሉት መቀበያዎች የያዙት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ያህል ብቻ ነው። የቀረው በሳተላይት ተገኘ። ካናዳ ማርች 13 ቀን አውሮፕላኑን ስታግድ የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ማርክ ጋርኖ ይህንኑ የሳተላይት መረጃ ከኢንዶኔዥያው አደጋ ጋር በማመሳሰል ጠቀሱ። አሜሪካም በዚያው ዕለት አገደች፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ቻይናና አውሮፓ ግን ቀድመዋት ነበር።

ቁጥሩ አውሮፕላኑ እንዴት እንደሄደ ተናገረ። ለምን እንደዚያ እንደሄደ ግን ሊናገር አይችልም። “ለምን” የሚለውን የሚያውቅ ሰው መፈለግ የግድ ነበር። የጋዜጦቹ መንገድ የተለያየውም እዚህ ላይ ነው።

ሲያትል

ቦይንግ 737ን የሚሠራው በሲያትል አካባቢ ነው። በዚያች ከተማ ሲያትል ታይምስ የተባለ ጋዜጣ አለ። ዶሚኒክ ጌትስ የተባለው ሪፖርተሩ ከ2003 ጀምሮ የአውሮፕላን ኢንዱስትሪውን ሲከታተል የኖረ ነበር። ማርች 17 ቀን 2019፣ ከአደጋው አንድ ሳምንት በኋላ፣ በስሙ አንድ ረዥም ጽሑፍ ወጣ። ስለ ኤምካስ ነበር፤ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከመጠን በላይ ቀና ሲል በራሱ ወደ ታች የሚያዘነብለው ሥርዓት ነው።

የጽሑፉ ምንጮች በጉዳዩ ላይ በቀጥታ የሠሩ ወይም ሰነዱን የሚያውቁ፣ በሥራ ላይ ያሉና የቀድሞ መሐንዲሶች ነበሩ። ስማቸው አልተገለጸም። የተናገሩት ግን ሐሜት አይደለም። ለፌዴራል የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት በቀረበው የደኅንነት ትንተና፣ ኤምካስ የጭራውን ክንፍ ማንቀሳቀስ የሚችለው 0.6 ዲግሪ ብቻ ተብሎ ነበር፤ በተግባር ግን 2.5 ዲግሪ ሆነ። አብራሪው በመለሰው ቁጥር ሥርዓቱ እንደገና ከመጀመሪያው መነሣቱ በትንተናው አልታሰበም። ብልሽቱ “አደገኛ” የሚል ደረጃ ተሰጥቶት ሳለ፣ ሥርዓቱ የሚንቀሳቀሰው በአንድ መለኪያ ብቻ ነበር።

ውድ አንባቢ፣ ይህችን “አንድ መለኪያ” የምትል ነገር ልብ በልልኝ። አውሮፕላኑ የአፍንጫውን አቅጣጫ ከነፋሱ አንጻር የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች አሉት፤ በግራና በቀኝ። በበረራ 302 ላይ የግራው 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15 ዲግሪ ገደማ ይል እንደነበር ኤፕሪል 4 ቀን 2019 የወጣው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት ያሳያል። ሁለቱን የሚያነጻጽር ቢኖር አንደኛው መሳሳቱ ወዲያው በታወቀ። ኤምካስ ግን የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር፤ የሰማውም የተሳሳተውን ነው። 157 ሰዎች የሞቱት አንድን ምንጭ ያለ ማነጻጸሪያ እንዲያምን ተደርጎ በተሠራ ሥርዓት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጋዜጣም እንዲህ ሊሠራ ይችላል፤ ይሠራልም።

ወደ ሲያትል ልመለስ። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ጽሑፉ ውስጥ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ጋዜጣው ቦይንግና የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ መልስ እንዲሰጡበት ዝርዝሩን የላከላቸው ከመታተሙ 11 ቀን ቀደም ብሎ ነበር። ይህም ማለት በረራ 302 ከመነሣቱ ከአራት ቀን በፊት ነው። ጽሑፉ ቀድሞ ቢወጣ ኖሮ አደጋው አይደርስም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ያን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ነገር ግን “ለምን” የሚለውን የሚያውቁት መሐንዲሶች ከአደጋው በፊት ተፈልገው ተገኝተው ነበር ማለት ነው። እነሱን ያገኛቸውም የፍለጋ ሳጥን ሳይሆን ለዓመታት የተገነባ ትውውቅና መተማመን ነው ብዬ አምናለሁ። መሐንዲስ ለጋዜጣ አይናገርም። እኔም በሙያው ስላለሁ አውቀዋለሁ፤ እንጀራውን ነውና የሚያስይዘው። የሚናገረው የሚናገርለት ሰው ቁጥሩን እንደሚረዳና ስሙን እንደሚጠብቅ ሲተማመን ብቻ ነው። በ2020 ጌትስና ሦስት ባልደረቦቹ በዚህ ሥራ የፑሊትዘር ሽልማት አገኙ።

ወደ ኮክፒቱ የተቀሰረ ጣት

በዚያው ሰሞን ሌሎች ምንጮችም ይፈልቁ ነበር። ሲያትል ታይምስ ያን ጽሑፍ ካወጣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሮይተርስን ጨምሮ ታላላቅ የዜና ተቋማት፣ የአየር መንገዱ የማክስ ሲሙሌተር እንዳለውና ዋና አብራሪው ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ግን በዚያ እንዳልሠለጠነ ዘገቡ። ምንጩ ስሙ ያልተገለጸ የሥራ ባልደረባው ነበር። አየር መንገዱ በበኩሉ አብራሪዎቹ በቦይንግ የተመከረውንና በአሜሪካ መሥሪያ ቤት የጸደቀውን ሥልጠና መውሰዳቸውን፣ ሲሙሌተሩም የኤምካስን ችግር ለማሳየት የተሠራ አለመሆኑን መለሰ።

ይህ ምንጭ ዋሽቷል አልልም። ነገር ግን እውነት የሆነ ቃል የተሳሳተ ግምት ሊያስይዝ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አንባቢው “ቢሠለጥን ኖሮ ይተርፉ ነበር” ብሎ እንዲያስብ ተደረገ። ሲሙሌተሩ ምን ማሳየት እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ተፈልጎ ቢጠየቅ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። በሜይ ወር ቦይንግ ራሱ የማክስ ሲሙሌተሮች ሶፍትዌር ጉድለት እንደነበረበትና ማስተካከሉን አመነ። ባልደረባው ያየውን ተናገረ፤ ያላየውን ግን ዜናው ጨመረለት።

ከዚያ በኋላ ጣቱ እየበዛ ሄደ። ሜይ 15 ቀን 2019 በአሜሪካ ምክር ቤት በተካሄደ ስብሰባ ላይ፣ የሚዙሪው ተወካይ ሳም ግሬቭስ በአሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ችግሩን ይወጡት እንደነበር ተናገሩ። በሴፕቴምበር ወር ደግሞ የኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት የዊልያም ላንገቪሽን ረዥም ጽሑፍ አወጣ። ጸሐፊው ራሱ አብራሪ የነበረና ብዕሩ የተባ ሰው ነበር። ዋና ነጥቡ ግን የአብራሪነት ችሎታ ማሽቆልቆል ላይ ያርፍ ነበር። “ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” እንዲሉ፣ ያን ጊዜ የተሰማን ንቀት የሁላችንም ነው።

መልሱ ግን የመጣው ከኛ ጩኸት አይደለም። ሃድሰን ወንዝ ላይ አውሮፕላን በማሳረፉ ዓለም ያወቀው ካፒቴን ቼስሊ ሰለንበርገር፣ ሁኔታውን በሲሙሌተር ራሱ ሞክሮት ነበር። ጁን 19 ቀን 2019 ለምክር ቤቱ በሰጠው ቃል፣ የሚመጣውን አስቀድሞ እያወቀ እንኳ አብራሪዎቹ እንዴት ጊዜ ሊያጥራቸው እንደቻለ መረዳቱን ተናገረ። ለመጽሔቱም በጻፈው ደብዳቤ፣ የሥልጠና ጉድለት በዓለም ላይ ያለ ችግር ቢሆንም የኤምካስን ገዳይ ንድፍ ሰበብ ሊሆነው እንደማይችል አስረዳ። የሰለንበርገር ቃል የከበደው ስመ ጥር በመሆኑ ብቻ አይመስለኝም። ገብቶ ስላየው ነው።

በጃኑዋሪ 2020 የቦይንግ ሠራተኞች እርስ በርስ የተጻጻፉት መልእክት ለሕዝብ ይፋ ሆነ። የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ከአደጋው በፊት፣ በ2017፣ አብራሪዎቹ በሲሙሌተር እንዲሠለጥኑ ጠይቆ እንደነበርና የቦይንግ ሠራተኞች በጥያቄው እየተሳለቁ እንዳስተውት በዚያ ታየ። “ለምን አልሠለጠኑም?” ተብሎ ሲጠየቅ የከረመው ጥያቄ መልሱ በአምራቹ የኮምፒዩተር መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ይህም የዲጂታል ዘመን ምንጭ ነው፤ ሰው ዝም ቢል ደብዳቤው ይናገራል። በጃኑዋሪ 2021 ቦይንግ ከፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ጋር ባደረገው ስምምነት 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ለ346 ሟቾች ቤተሰቦች ግን የጠራው ዘግይቶ ነው።

የኛ ፈተና

እስከዚህ ድረስ ያለውን ወገኖቼ በደስታ እንደሚያነቡልኝ አልጠራጠርም። እኛን ደግፎ የተገኘ ታሪክ ነውና። ፈተናው የሚመጣው ምንጩ በኛ ላይ ሲፈስ ነው።

በኦክቶበር 2019 አሶሺየትድ ፕሬስ፣ ከአገር ወጥቶ አሜሪካ ጥገኝነት የጠየቀ አንድ የአየር መንገዱ የቀድሞ ዋና መሐንዲስ ያቀረበውን ክስ ዘገበ። ከአደጋው በኋላ የጥገና መዝገብ ውስጥ ተገብቷል የሚል ነበር። አየር መንገዱ ክሱን አስተባበለ። ማን እውነት እንዳለው ለመፍረድ እዚህ አልተነሣሁም። የምጠይቀው ይህን ነው፤ ዜናውን እንዳነበብን ከአፋችን የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ምን ነበር? እኔ በነበርኩበት ማዕድ ላይ “ምን አየ?” ያለ አልነበረም። “ማን ላከው? የማን ወገን ነው?” ነበር የተባለው። የቦይንግ መሐንዲስ ስሙን ደብቆ ሲናገር ጀግና ያልነው ሰዎች፣ የኛው መሐንዲስ በስሙ ሲናገር ከሃዲ ለማለት አንድ ሰዓት አልፈጀብንም።

እንደዚሁም በዲሴምበር 2022 የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርታቸውን ሲያወጡ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪ መሥሪያ ቤቶች በኤምካስ ሚና ላይ ቢስማሙም፣ የአብራሪዎቹ አሠራር በበቂ ሁኔታ አልተመረመረም የሚል አስተያየት አወጡ። አስተያየቱን አንብቦ ከሪፖርቱ ጋር ያስተያየ ስንቶቻችን ነን? ሁለቱን መለኪያዎች ማነጻጸር ማለት ግን ይኸው ነበር።

ከዚህ የከፋውን ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት አይተነዋል። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ጋዜጠኞችም እንዳይገቡ ሲከለከሉ፣ በስፍራው ያለውን ሰው ማግኘት ያልቻለ ጋዜጠኛ ወደ ዋሺንግተን፣ ወደ ለንደንና ወደ ስቶክሆልም ደወለ። ስልኩን ያነሣነው እኛ ነን፤ በየጎራችን። ቤተሰቡ ያለበትን ሳያውቅ በጭንቀት የሚናገር ነበር፤ የሚያውቀውን ብቻ ለይቶ የተናገረም ነበር። ነገር ግን ከአንድ የፌስቡክ ገጽ ያነበበውን “ከስፍራው እንደደረሰኝ” እያለ ያቀበለ ስንት ነው! ተቃራኒ ወገኖች ሆነን ሳለን በዚህ አንድ ነበርን። “ከታማኝ ምንጮች”፣ “ውስጥ አዋቂዎች እንደገለጹልን” የሚሉት ሐረጎች በድረ ገጾቻችን ላይ ስንት ዓመት ኖረዋል? ታማኝ ያሰኛቸው ማን ነው? ከየትኛው ውስጥ ነው የሚያውቁት? የሲያትሉ ጋዜጣ ስም ቢደብቅም ምንጮቹ ነገሩን እንዴት ሊያውቁ እንደቻሉ ለአንባቢው ነግሯል፤ የተናገሩትንም ሌላ መሐንዲስ ሊያጣራው በሚችል ቁጥር አቅርቧል፤ የተከሰሰውም ወገን እንዲመልስ ዕድል ሰጥቷል። ስም መደበቅ ነውር አይደለም። ነውሩ መመርመሪያውን አብሮ መደበቅ ነው።

እርግጥ ነው፣ ዝምታም ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። በአገር ቤት የሚናገር ሰው እስር ቤት በሚገባበት ዘመን፣ ውጭ ያለው ባይናገር ኖሮ ስንት ግፍ ተደብቆ በቀረ። ስለዚህ “ስደተኛ አይጠየቅ” የሚል ሕግ ማውጣት ሞኝነት ነው። ስደተኛው ያየውን ይናገር፤ የሰማውን “ሰማሁ” ይበል፤ የሚመኘውን ደግሞ ለጸሎቱ ያቆየው። አበው “ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት” ያሉት ወሬ አትስማ ለማለት አይደለም። ስትሰማ አስብበት ለማለት ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምወስደው ትምህርት አጭር ነው። በ2002 የቱቦዎቹን ምስጢር፣ በ2019 የኤምካስን ምስጢር ያውቁ የነበሩት በሁለቱም ጊዜ ከሥራው አጠገብ የተቀመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ጊዜ የጠየቃቸው ጥቂት ነበር፤ ጦርነት መጣ። በሁለተኛው ጊዜ ወደ እነሱ የቆፈረ ጋዜጠኛ ተገኘ፤ ጥፋቱን በሁለት ወጣት አብራሪዎች መቃብር ላይ መጣል ያን ያህል ቀላል ሳይሆን ቀረ። ካፒቴን ያሬድ 29 ዓመቱ፣ ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ 25 ዓመቱ ነበር። ለራሳቸው መመስከር አልቻሉም። ምንጭ በትክክል መመረጡ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው መናገር ለማይችል ሰው ነው።

ያ ወጣት ሪፖርተር አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ነገ ሌላ ነገር ደርሶ “ኢትዮጵያዊ” እና “ኢንጂነር” ብሎ ሲፈልግ እንደገና እኔ ልወጣለት እችላለሁ። ያን ጊዜ የምነግረውን አዘጋጅቻለሁ፤ “ልጄ፣ ይህን ነገር እኔ አላውቀውም። የሚያውቅ ሰው እንድትፈልግ ግን ላግዝህ። ስታገኘውም ሁለተኛ ሰው ጠይቅ።”

ቸር ወሬ ያሰማን!